ሉዊስ ካሮል፦ የቀልድ ግጥም ሊቅ

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ልጆች ግጥም የሚማሩት ለመደሰት ሳይሆን ለመታረም ነበር። ስለ ታታሪዋ ንብ፣ ስለ እንቅልፋሙ ሰነፍ፣ ስለ ጥበበኛው ሽማግሌ የተጻፉ የምክር ግጥሞችን በቃላቸው አጥንተው በወላጆቻቸውና በመምህሮቻቸው ፊት ይወጡ ነበር። ግጥሞቹ ሥራን የሚያመሰግኑ፣ ስንፍናን የሚነቅፉ፣ መታዘዝን የሚያስተምሩ ነበሩ። ልጅን ማሳቅ ግን ከገጣሚ የሚጠበቅ ቁም ነገር ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ ሲናገር የሚንተባተብና በሰው ፊት መቆም የሚከብደው አንድ የሒሳብ መምህር ነው። ዓለም የሚያውቀው ሉዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስሙ ነው።

የልደት ስሙ ቻርልስ ሉትዊጅ ዶጅሰን ይባላል። የተወለደው በእንግሊዝ አገር፣ በቼሺር ግዛት፣ ዳርዝበሪ በምትባል ትንሽ መንደር ጃንዋሪ 27 ቀን 1832 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሲሆን፣ ሒሳብንና የጥንት ቋንቋዎችን ጠንቅቆ የሚያውቅ ምሁር ነበር። ሉትዊጅ የሚለው መጠሪያ የመጣው ከእናቱ ቤተሰብ ነው። በቤቱ 11 ልጆች ነበሩ፤ ቻርልስ በልደት ተራ ሦስተኛ፣ ከወንዶቹ ግን የመጀመሪያ ነበር። እሱ 11 ዓመት ሲሆነው፣ በ1843፣ አባቱ በዮርክሺር ግዛት ወደምትገኘው ወደ ክሮፍት ደብር ተሾመ፤ ቤተሰቡም ወደዚያው ተዛወረ።

በክሮፍት የነበረው ሰፊ ቤትና የአትክልት ቦታ ለወጣቱ ቻርልስ የመጀመሪያው የጥበብ መድረክ ሆነለት። ታናናሾቹን ሰብስቦ በአትክልቱ ውስጥ የባቡር ጨዋታ አዘጋጀላቸው፤ በአሻንጉሊቶች ቴያትር አሳያቸው። ከሁሉ በላይ ግን በእጅ የሚጻፉ የቤተሰብ መጽሔቶች ማዘጋጀት ጀመረ። የመጀመሪያውን መድበል በ1845፣ በ13 ዓመቱ፣ ለአንድ ታናሽ ወንድሙና ለአንዲት ታናሽ እኅቱ ጻፈው። ስሙንም ጠቃሚና አስተማሪ ግጥም ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ ርእሱ ራሱ ቀልድ ነበር፤ በውስጡ የሚገኙት ግጥሞች በዘመኑ የምክር ግጥሞች ላይ የሚያሾፉ ነበሩና። በአንደኛው ግጥም ውስጥ አንዲት የማትታይ ፍጡር አንዱን ልጅ የሚያደርገውን ሁሉ ትከለክለዋለች። ቢተኛም፣ ቢያለቅስም፣ ቢስቅም ክልክል ነው። በግጥሙ መጨረሻ የሚሰጠው ምክርም ከክልከላ በቀር ምንም የለበትም። በዚያ ዕድሜው ትንሹ ገጣሚ አንድ ነገር እንደተረዳ ከዚህ እንገነዘባለን፤ ይኸውም ምክር ሲበዛ ራሱ መሳቂያ እንደሚሆን ነው።

ከቤት ውጭ ያለው ሕይወት ግን እንዲህ አስደሳች አልነበረም። ቻርልስና ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ብዙዎቹ ይንተባተቡ ነበር። በተጨማሪም በሕፃንነቱ በያዘው ሕመም ምክንያት አንድ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። በ1844 ሪችመንድ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት፣ ከ1846 እስከ 1849 ደግሞ ራግቢ ወደሚባለው ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሯል። በትምህርቱ፣ በተለይም በሒሳብ፣ የሚመሰገን ተማሪ ነበር። ሆኖም በራግቢ ያሳለፋቸውን ሦስት ዓመታት፣ ምንም ዓይነት ዋጋ ቢከፈለው እንኳ መልሶ ሊኖራቸው እንደማይፈልግ በኋላ ዘመኑ ገልጿል።

በጃንዋሪ 1851 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በክራይስት ቸርች ኮሌጅ ለመማር ገባ። ከገባ ሁለት ቀን ሳይሞላው የእናቱ መሞት ተነገረው፤ ትምህርቱን ትቶም ለቀብር ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ኀዘኑን ችሎ በትጋት ተማረ፤ በ1854 በሒሳብ የአንደኛ ማዕረግ ውጤት አግኝቶ ተመረቀ። በ1855 የኮሌጁ የሒሳብ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በዚህም ሥራ 26 ዓመት፣ እስከ 1881 ድረስ አገልግሏል። ክራይስት ቸርችን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀም። በ1861 ዲቁና ተቀበለ፤ ወደ ቅስና ግን አልገባም። ለዚህም ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ በሰው ፊት ቆሞ ለመስበክ አንደበቱ የሚያስቸግረው መሆኑ ነው። አንደበቱ የነፈገውን ነገር ግን ብዕሩ አሟልቶ ሰጥቶታል።

ሉዊስ ካሮል የሚለው ስም የተፈጠረው በ1856 ነው። በዚያ ዓመት ኤድመንድ ዬትስ የተባለ የመጽሔት አዘጋጅ አንድ ግጥሙን ለማተም በተሰናዳ ጊዜ፣ ገጣሚው በእውነተኛ ስሙ መታወቅ ስላልፈለገ ልዩ ልዩ የብዕር ስሞች አቀረበ። ስሞቹን የቀመረው እንደ እንቆቅልሽ አድርጎ ነበር። ከቀረቡት ስሞች አንዱ ቻርልስ ሉትዊጅ የሚለውን ስም የእንግሊዝኛ ፊደላት በሙሉ አዟዙሮ የሠራው ነበር። አዘጋጁ የመረጠው ግን ሌላውን ነው። ዶጅሰን ይህን ስም ያገኘው እንዲህ አድርጎ ነው፦ በመጀመሪያ ቻርልስንና ሉትዊጅን ወደ ላቲን ቋንቋ ሲመልሳቸው ካሮሉስና ሉዶቪኩስ ሆኑ። ከዚያም የኋለኛውን ወደ ፊት፣ የፊተኛውን ወደ ኋላ አዛወረ። በመጨረሻም ሁለቱን ወደ እንግሊዝኛ አጠጋግቶ ሉዊስ ካሮል አላቸው። እንግዲህ የብዕር ስሙ ራሱ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ሰውየው በስሙ ውስጥ ተደብቋል፤ ቁልፉን የያዘ ሰው ግን ያገኘዋል።

በዚያው በ1856 ዶጅሰን የፎቶግራፍ መሣሪያ ገዛ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ አነሣስ እጅግ አድካሚ ነበር። ፎቶግራፍ የሚነሣው መስተዋት በኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ ወዲያው መነሣት ነበረበት፤ ተነሺዎቹም ሳይንቀሳቀሱ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ነበረባቸው። ገጣሚው ይህን ልምዱን በ1857 ባወጣው አንድ የቀልድ ግጥም ገለጸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1855፣ ሎንግፌሎ የተባለው አሜሪካዊ ባለቅኔ ሃያዋታ ስለተባለ የሕንድ አሜሪካውያን ጀግና አንድ ረጅም ግጥም አሳትሞ ነበር። ግጥሙ እንደ ከበሮ ድምፅ ተመሳሳይ ሆኖ የሚደጋገም ምት ስላለው በሁሉም አፍ ገብቶ ነበር። ካሮል ያንኑ ምትና ያንኑ የጀግና ስም ወሰደና ጀግናውን ፎቶግራፍ አንሺ አደረገው። አንድ ቤተሰብ በተራ በተራ ሊነሣ ይቀርባል፤ አባት፣ እናት፣ ልጆችም። እያንዳንዱ በኩራቱ ወይም በመቁነጥነጡ ሥዕሉን ያበላሻል። በመጨረሻ ሁሉም በአንድነት ሲነሡ ፎቶግራፉ ይሳካል፤ መልካቸውንም በትክክል ያሳያል። ቤተሰቡ በጣም የተቆጣው ግን በዚህ ትክክለኛ ሥዕል ነው።

በዚህ ግጥም ላይ ካሮል አንድ ተጨማሪ ተንኮል ሠርቷል። ከግጥሙ በፊት አጭር መቅድም አስገብቷል። መቅድሙ ሲታይ ተራ የስድ ንባብ ጽሑፍ ይመስላል። ድምፅን ከፍ አድርጎ ያነበበው ሰው ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በሃያዋታ ምት የተጻፈ መሆኑን ይደርስበታል።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ፣ ማለትም የታወቀ ደራሲን ምት፣ አካሄድና የአነጋገር ስልት ይዞ ሐሳቡን በቀልድ መለወጥ፣ ፓሮዲ ይባላል። ፓሮዲ ሁልጊዜ ንቀት ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። የካሮል ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በዘመኑ ከነበሩት የእንግሊዝ ባለቅኔዎች እጅግ ከሚያደንቃቸው አንዱ አልፍሬድ ቴኒሰን ነበር። ቴኒሰን ሞትን ከሚመኝ የውስጥ ድምፅ ጋር የሚከራከር ሰውን የሚያሳይ ሁለቱ ድምፆች የሚል ጥልቅ ግጥም ጽፎ ነበር። ካሮል በ1856 ሦስቱ ድምፆች የሚል ግጥም አወጣ። በዚህ ግጥም ነፋስ የአንድን ሰው ባርኔጣ በባሕር ዳር ይወስድበታል፤ አንዲት ሴት በጃንጥላዋ ወግታ ታቆምለታለች፤ ከዚያም ማለቂያ በሌለው የፍልስፍና ወሬ ታሠቃየዋለች። ይህን የጻፈው ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት ቴኒሰን ወዳረፈበት ወደ ሐይቆች አገር ሄዶ ፎቶግራፍ አነሣው። በ1862 ደግሞ ቴኒሰን ለሞተ ወዳጁ መታሰቢያ ለጻፈው ታላቅ የኀዘን ግጥም የቃላት ማውጫ አሳተመ፤ በዝግጅቱም እኅቶቹ ረድተውታል። የአንድን ረጅም ግጥም ቃላት አንድ በአንድ መልቀም የትዕግሥት ሥራ ነው፤ የማይወደውን ግጥም ደግሞ እንዲህ የሚያጠና ሰው የለም። ስለዚህ የካሮል ፓሮዲ ከአድናቆት ጋር የተዛመደ ነበር ማለት ይቻላል። ቀልዱ የሚሳካለት ዋናውን ሥራ ከሥሩ ስለሚያውቀው ነበር።

በ1855 ሄንሪ ሊድል የተባለ የግሪክ ቋንቋ ሊቅ የክራይስት ቸርች አለቃ ሆኖ ሲሾም ከነቤተሰቡ ወደ ኮሌጁ መጣ። ዶጅሰንም ከሊድል ልጆች ጋር ወዳጅነት አፈራ። ጁላይ 4 ቀን 1862፣ ሮቢንሰን ደክወርዝ ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ ሎሪና፣ አሊስና ኢዲት የተባሉትን ሦስት እኅትማማች በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ እስከ ጎድስቶ ድረስ ይዟቸው ሄደ። በመንገድም በጥንቸል ጉድጓድ ገብታ ወደ እንግዳ ዓለም ስለወደቀች አሊስ ስለምትባል ልጅ ተረት እየፈጠረ ነገራቸው። የ10 ዓመቷ አሊስ ተረቱን እንዲጽፍላት ለመነችው። እሱም ቃሉን ጠብቆ በእጁ ጽፎ፣ በራሱ ሥዕሎች አስጊጦ፣ በኖቬምበር 1864 ለገና ስጦታ አበረከተላት። ጽሑፉ ተስፋፍቶና ጆን ቴኒየል በሣላቸው 42 ሥዕሎች ተውቦ አሊስ በአስደናቂው ዓለም በሚል ርእስ በ1865 ታተመ። መጀመሪያ የታተሙት 2000 ቅጂዎች የሥዕሎቹ አታተም ቴኒየልን ስላላስደሰተው ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጎ መጽሐፉ እንደገና ታትሟል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሚገኙት ግጥሞች አብዛኞቹ የዘመኑ ልጆች በቃላቸው የሚያውቋቸው የምክር ግጥሞች ፓሮዲዎች ናቸው። አይዛክ ዋትስ በ1715 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራ የማትፈታዋን ንብ ሲያመሰግን፣ ካሮል በንቧ ቦታ አዞ አስገባ። አዞው ሥራ የለውም፤ ጅራቱን ያሳምራል፤ በፈገግታ አፉን ከፍቶም ትናንሽ ዓሦችን ይቀበላል። ሮበርት ሳውዚ በ1799 በጻፈው ግጥም አንድ ጨዋ ሽማግሌ የደስተኛ እርጅና ምስጢር ልከኛ ኑሮ መሆኑን ለአንድ ወጣት ያስረዳል። የካሮል ሽማግሌ ግን በራሱ ይቆማል፤ ይገለባበጣል፤ ጥያቄ የሚያበዛበትንም ወጣት በእርግጫ ሊያባርር ይዝታል። ጄን ቴይለር በ1806 ስለ ኮከብ የጻፈችው ግጥምም በካሮል መጽሐፍ ስለ ሌሊት ወፍ ሆኖ ይገኛል።

እነዚህ ግጥሞች በታሪኩ ውስጥ የገቡት እንዲያው ለማሳቅ ብቻ አይደለም። አሊስ በእንግዳው ዓለም ውስጥ ማን እንደሆነች ግራ ሲገባት፣ እራሷ መሆኗን ለማረጋገጥ የተማረችውን ግጥም በቃሏ ለመውጣት ትሞክራለች። ቃላቱ ግን ተለዋውጠው ከአፏ ይወጣሉ። ልጅቱ ያን ጊዜ ትደነግጣለች፤ የምታውቀው ግጥም ከተለወጠ እሷም ሌላ ሰው ሆና እንደሆነ ትጠራጠራለች። አንባቢው ይስቃል፤ አሊስ ግን አትስቅም። ካሮል ቀልድንና ሥጋትን በአንድ ግጥም ውስጥ አስተባብሮ ማስቀመጥ መቻሉ ከሌሎች ቀልደኞች ይለየዋል።

በድምፅ አንድ፣ በትርጉም ሁለት የሆኑ ቃላትን ማጫወት ሌላው ሙያው ነው። በእንግሊዝኛ ተረትና ጅራት የሚሉት ቃላት ሲነገሩ አንድ ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት አይጥ ታሪኳ ረጅምና አሳዛኝ መሆኑን ስትናገር አሊስ የሰማችው ስለ ጅራት ነው። ስለዚህ የአይጧ ግጥም በገጹ ላይ የታተመው እንደ አይጥ ጅራት እየተጣመመና እየቀጠነ ነው። እንደዚሁም ትምህርት ማለትና መቀነስ ማለት በእንግሊዝኛ በድምፅ ስለሚመሳሰሉ፣ በአንድ ገጸ ባሕርይ ትምህርት ቤት የትምህርቱ ሰዓት በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። የአገራችን የቅኔ ተማሪዎች ኅብረ ቃል ብለው የሚጠሩትን ጥበብ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1871 መጨረሻ ሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጀበርዎኪ የሚባለው ግጥም ይገኛል። የመጀመሪያውን አንጓ የጻፈው በ1855 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በቤተሰብ መጽሔቱ ላይ እንደ ጥንታዊ የእንግሊዝ ቅኔ ቅርስ አስመስሎ፣ የሊቃውንትን ማብራሪያ በሚያሾፍ ሐተታ አጅቦ አቅርቦት ነበር። ግጥሙ አንድ ወጣት አስፈሪ አውሬ ገድሎ ወደ አባቱ ስለመመለሱ ይተርካል። ከቃላቱ ብዙዎቹ ግን በየትኛውም መዝገበ ቃላት ያልነበሩ፣ ገጣሚው ራሱ የፈጠራቸው ናቸው። ሆኖም አንባቢው ታሪኩን ይከተላል። ምክንያቱም የቃላቱ ሥር እንግዳ ቢሆንም ቅጥያቸውና በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያላቸው ቦታ የእንግሊዝኛን ሰዋስው ይጠብቃል። የአማርኛ ተናጋሪ «ተንጀላምጦ» የሚል ትርጉም የለሽ ቃል ቢሰማ፣ ቅርጹን አይቶ ግሥ መሆኑን ወዲያው እንደሚያውቅ ማለት ነው።

ሃምፕቲ ዳምፕቲ የተባለው የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ የነዚህን ቃላት አሠራር ለአሊስ ያስረዳታል። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ትርጉሞች እንደ ተጣጣፊ የጉዞ ሻንጣ በሁለት ወገን ታጭቀዋል ይላል። ከካሮል የፈጠራ ቃላት አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገብተዋል። ለምሳሌ ከመሳቅና ከማንኮራፋት ተዳቅሎ የተፈጠረ፣ በደስታ መንከትከትን የሚያመለክት አንድ ቃሉ እስከ ዛሬ በዕለታዊ ንግግር ይሠራበታል።

ሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ በታተመ ጊዜ እውነተኛዋ አሊስ 19 ዓመት ሞልቷት ነበር። በ1863 በዶጅሰንና በሊድል ቤተሰብ መካከል የነበረው ቅርበት ቀዝቅዟል። የዚያ ጊዜ የማስታወሻ ደብተሩ ገጽም ተቀዶ ጠፍቷል። መጽሐፉ የሚደመደመው ያንን የጀልባ ቀን በሚያስታውስ ግጥም ነው። ግጥሙ 21 ስንኞች አሉት። የስንኞቹ የመጀመሪያ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ የአሊስ ሊድልን ሙሉ ስም ይሰጣሉ። ካሮል እንዲህ ያሉ ስም የደበቁ ግጥሞችን ለብዙ ወዳጆቹ በስጦታ ጽፏል፤ ይህኛው ግን ከሁሉም የላቀ ነው። ጨዋታው እዚህ የሚያስቅ ሳይሆን የሚያሳዝን ሆኗል፤ ያለፈውን ቀን መመለስ ያልቻለ ሰው ስሙን ብቻ በግጥም ውስጥ አኑሮታልና።

በ1868 አባቱ ሞተ። ዶጅሰን ይህን ሞት በሕይወቱ ከደረሰበት መከራ ሁሉ የከፋው አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የበኩር ወንድ ልጅ እንደመሆኑ ላላገቡት እኅቶቹ በጊልድፎርድ ከተማ ቤት ተከራየላቸው፤ ከዚያም በኋላ የዕረፍት ጊዜውን በዚያ ያሳልፍ ነበር። በጁላይ 1874 በዚሁ ቤት በጽኑ ታሞ የተኛውን ወጣት ዘመዱንና የክርስትና ልጁን ሲያስታምም አደረ። በማግስቱ ብቻውን በኮረብታው ላይ ሲሄድ አንዲት ትርጉሟን የማያውቃት ስንኝ በድንገት በአእምሮው መጣችበት። ከዚያች ስንኝ ተነሥቶ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየገነባ፣ ስናርክን ማደን የተባለውን ረጅም የቀልድ ግጥም ሠራ።

በ1876 የታተመው ይህ ግጥም ስምንት ክፍሎችና 141 አንጓዎች አሉት። የመርከቡ ሠራተኞች መጠሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጀምራል። መርከበኞቹ ስናርክ የሚባል ማንም አይቶት የማያውቅ ፍጡር ለማደን ባሕር ያቋርጣሉ፤ የያዙት ካርታ ግን ምንም ያልተሣለበት ነጭ ወረቀት ነው። በመጨረሻ ስሙን የረሳው ዳቦ ጋጋሪ የፈለጉትን ነገር ሲያገኝ ድንገት ይጠፋል። አንባቢዎች የግጥሙን ትርጉም ደጋግመው ቢጠይቁትም ካሮል እርግጠኛ መልስ አልሰጠም። ግጥሙ የሰውን ልጅ ደስታ ፍለጋ ያመለክታል የሚለውን የአንድ አንባቢ ሐሳብ ግን ወዶታል።

ዶጅሰን ጥብቅ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር። ከ1861 ጀምሮ የሚጽፋቸውንና የሚደርሱትን ደብዳቤዎች በመዝገብ ይቆጥር ነበር፤ ሲሞት ቁጥሩ 98,721 ደርሶ ነበር። በ1879 አንዱን ቃል በየደረጃው አንድ ፊደል ብቻ እየለወጡ ወደ ሌላ ቃል የማድረስ ጨዋታ በመጽሔት አስተዋወቀ። በአማርኛ «ላም» ከሚለው ቃል ተነሥቶ፣ «ላብ» በሚለው አልፎ፣ «ልብ» ላይ እንደመድረስ ያለ ነው። በ1891 ሌሊት ከአልጋው ሳይነሣ ሐሳቡን በጨለማ የሚጽፍበት መሣሪያ ፈለሰፈ። በሒሳብና በሥነ አመክንዮም በርካታ መጻሕፍት ጽፏል። የቀልድ ግጥሞቹም ቢሆኑ ከዚህ ሙያው የራቁ አይደሉም፤ መነሻቸው ሞኝነት ቢመስልም ከመነሻው ወደ መድረሻው የሚሄዱት በጥብቅ አመክንዮ ነውና።

ሁለቱን ስሞቹንም ለያይቶ መኖር ይፈልግ ነበር። በስተርጅናው ለሉዊስ ካሮል ተብሎ ወደ ኮሌጁ የሚላከውን ደብዳቤ ሳይቀበል ይመልስ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ የአሊስን መጽሐፍ ወድዳ የሚቀጥለው መጽሐፉ እንዲላክላት ስታዝዝ የሒሳብ መጽሐፍ ላከላት የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን እሱ ራሱ በ1896 ወሬው ፍጹም ሐሰት መሆኑን በጽሑፍ አስታውቋል።

የካሮል ሥራ ሁሉ እኩል አልተሳካም። በ1889 እና በ1893 በሁለት ክፍል ያሳተመው ሲልቪና ብሩኖ የተባለው ረጅም ልብ ወለድ በምክርና በስብከት የተሞላ ነው። በ13 ዓመቱ በምክር ግጥሞች ላይ የሳቀው ሰው በስተርጅናው መካሪ ሆነ፤ አንባቢም እንደ አሊስ መጻሕፍት አልወደደለትም። ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው፣ አንድ እብድ አትክልተኛ እየመላለሰ የሚዘፍነውን ትርጉም የለሽ ግጥም ነው። ይህም የጸሐፊው እውነተኛ ስጦታ የት እንደነበረ በግልጽ ያሳያል።

ሉዊስ ካሮል ጃንዋሪ 14 ቀን 1898 በጊልድፎርድ በእኅቶቹ ቤት፣ በጉንፋን ተጀምሮ ወደ ሳንባ ምች በተለወጠ ሕመም፣ 66 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዐረፈ፤ በዚያችው ከተማ ተቀበረ። ለአሊስ በእጁ ጽፎ የሰጣት መጽሐፍ በ1928 በሐራጅ በ15,400 ፓውንድ ተሸጦ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ፣ በ1948 ከአሜሪካውያን ለእንግሊዝ ሕዝብ በስጦታ ተመልሷል። በ1982 በለንደን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን፣ ታላላቅ ባለቅኔዎች በሚታሰቡበት ሥፍራ፣ የመታሰቢያ ድንጋይ ተደረገለት። ቴኒሰንም የተቀበረው በዚሁ ሥፍራ ነው። ቀልደኛውና ቀልዱ የተሠራበት ታላቅ ባለቅኔ በአንድ ጣራ ሥር ይታሰባሉ።

ከካሮል ሕይወት ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ ቀልድ የእውቀት ጠላት አለመሆኑን ነው። የሌላውን ግጥም በቀልድ ለመለወጥ ምቱን፣ ቤት አመታቱንና የቃላት አመራረጡን ከባለቤቱ ባልተናነሰ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቋንቋን ሕግ በጨዋታ ማጠፍ የሚችለውም ሕጉን አጥብቆ የያዘ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለው ቀልድ የተቀለደበትን ሥራ ሊያኖረው መቻሉ ነው። ስለ ንቧና ስለ ጨዋው ሽማግሌ የተጻፉትን የምክር ግጥሞች ዛሬ ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው፣ የሒሳብ መምህሩ ስለሳቀባቸው ነው። ከጀልባው ጉዞም ሆነ ከልጅነት ዘመን የቀረ ነገር ባይኖርም፣ በ21ዱ ስንኞች መነሻ ላይ የተቀመጠው ስም ግን ገጹን ከላይ ወደ ታች ለሚያነብ ሁሉ እስከ ዛሬ ይነበባል።